ጅራት የያዘ ሰው

ሌሊት ነው በብርኖ። በሽተኛው ሁሉ ሄዷል፣
የመጨረሻው ወንበር ግድግዳው ሥር ተደግፏል።
ጽዳት የምትሠራው ወይዘሮ ድራሆሚራ
ኮሪደሩን አጥባ፣ ባልዲዋን ይዛ በግራ፣
ከበሩ ጥግ ቆመች፤
«ዛሬም ደግሞ መጣች?» አለች።

መጣች፤
በስድስት ሰው ሸክም፣ በሸራ ቃሬዛ፣
መቶ ሠላሳ ኪሎ እንቅልፏን ብቻ ይዛ።
ቦሩፍካ ነው ስሟ፤ በአገሩ ቋንቋ ሲፈታ
የጫካ ፍሬ ነው፣ ጣት የሚያጠቁር፣ የትንሽ ልጅ ስጦታ።
ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ሰርከሱ ከነዕዳው ሲፈርስ
ከብረት ጋሪ ውስጥ ነው የተገኘችው፣ የገዛ እግሯን ስትልስ።

ሊቦር ጉንጯን ላጨ፣ ዕባጩ ካለበት፣ ከዐይኗ ሥር።
ጠጉሩ ረገፈ፤ ሰንበሩ ግን ቀረ።
ለካ ከላይ ብቻ አይደል፣ ቆዳዋም ላይ ነበረ።
የትኛው ከፈጣሪ ነው፣ የትኛው ከአለንጋ?
ሊቦር አልጠየቀም፤ በአውራ ጣቱ ብቻ ነካካው፣ ረጋ፣ ረጋ።

ዶክተር ዝዲስላቫ ቀዩን የብርሃን መስመር
በሰንበሮቹ መሐል አስተካከለች፤ አንድ ተጨማሪ ሰንበር።
«አጥንቱን አልነካም፤ ስድስት ጊዜ ነው የተባለ፣
አራተኛው ነው ዛሬ፤ ሁለት አለ።
ጨረሩን አልፈራም፣» ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣
«እንቅልፉን ነው የምፈራው። በእያንዳንዱ እንቅልፍ ትንሽ ትሄዳለች።»

ድራሆሚራ ከበሩ፦
«እህቴ ለዚህ አልጋ ሁለት ወር ተኩል ጠብቃለች፤
ተራዋ ሲደርስ ግን…» ብላ ተወችው፣ ባልዲዋን አነሳች።
ማንም አልመለሰላት። ምን ብሎ ይመልሳል?
አንዳንዱ ጥያቄ እንደ ደረቅ ዳቦ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ግድግዳው ላይ የሰው ፊት ተሰቅሏል፣ ፊት በፊት፣
ነጭ ወንፊት፤
ለእያንዳንዱ ታማሚ በልኩ የተቀረጸ ጭምብል፣
አፍንጫ ያለው፣ አገጭ ያለው፣ ዐይን ብቻ የሚጎድል።
አምና፣ በየካቲት፣ ከላይ ሦስተኛው መስቀያ
የሊቦር ፊት ነበረ፤ አሁን የሌላ ሰው ነው እዚያ።
ለማንም አልነገረም። ያውቀዋል ግን፣ ምራቅ ሲነጥፍ፣
ሾርባው ሚስማር ሚስማር ሲል፣ ሲጠፋ እንቅልፍ።
እሷ አታውቀውም። ማን ይንገራት፣ በምን ቃል?
«ይህ የምናቃጥልሽ ልትድኚ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

የእኛ ሰው «ነብር አየኝ በል» ይላል፣ ሲዝት፣ ሲያስፈራራ፤
እዚህ ዐይኗ ቅባት ተቀብቶ ፈጧል፤ ማንን ታይ፣ ማንን ታስፈራ?
ደግሞ «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ይባላል፤
ሊቦር ይህን አልሰማም፤ ጅራቷን ግን ይዟል።
ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ቀዝቃዛውን ወለል ሲነካ አይቶ
በሁለት እጁ ታቀፈው፣ ሌላ ሥራውን ትቶ።

«ውጡ» ተባለ። ወጡ። እሱም መልቀቅ ግድ ሆነበት።
እንደ ባንክ ካዝና የወፈረው በር ቀስ ብሎ ተዘጋበት።

ሁለት ደቂቃ። ጭስ የለው፣ ነበልባል የለው፣ ድምፅ ብቻ፣
ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚያዛጋ ሰው፣ ለብቻ።
በትንሿ ስክሪን ደረቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ፤
ከፍ፤
ቆየ።
ዝቅ።
አንድ ብርድ ልብስ ከኋላው ትከሻውን ነካ፤
ድራሆሚራ ናት። «ጅራቷን ሸፍንላት፣» አለች፣ ወደ መስታወቱ እያመለካከተች፤
«የእህቴም እግሯ ነበር የሚበርዳት፣» አለች።

ሲነጋጋ፣ ከከተማው ውጭ፣ ከማገገሚያው ጉሮኖ፣
ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኖ፣
ተነሳች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፤ የኋላ እግሯ ሰክሮ፣
ከዚያ ዞራ አየችው፤ ደረቷ ጮኸ፣ ከሥር፣ እንደ ከበሮ።
ጥላቻ ነው። መርፌውን የወጋት እሱ ነው፣ ትዝ ይላታል፤
ሊቦር ግን ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ማን ሰምቶት ያውቃል?
ሥጋውን በረጅም ብረት ሰጣት፤ ገፋችው፣ አሸተተችው፣
በደህናው ጉንጯ በኩል፣ ቀስ ብላ፣ አላመጠችው።

ሁለት ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን?
«በጋውን ታይ ይሆናል» ብላለች ዶክተሯ፤ ያም ቢሆን ቀን ነው፣ ቀን።

አማርኛ ቢያውቅ ሊቦር፣ በዚያ ብርድ፣ አጥሩን ተደግፎ፣
እስትንፋሱ እንደ ጉም ከአፉ ተንሳፎ፣
የዛቻውን ቃል መርቆ፣ ሌላ አይልም ነበር፦
«ነብር አየኝ፤
አየኝ ነብር።»